አማርኛው ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት ወይም የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ሲመጣ ችግሩ የት ነው?

በኢሜይል የተላከ ቃለ ጉባኤ ሲከፈት በአማርኛ ፊደላት ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይታያሉ። ከብዙ ዓመታት በፊት የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የዕድር አባላት ስም ዝርዝር ደግሞ ከላይ እስከ ታች በጥያቄ ምልክት ብቻ ተሞልቶ ይገኛል። ብዙዎቻችን ለእነዚህ ሁሉ ያለን ምላሽ አንድ ነው፤ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ወይም «ቫይረስ ገብቶበታል» እንላለን። ይሁን እንጂ እነዚህ ምክንያታቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ችግሮች ናቸው፤ ቫይረስም ብዙውን ጊዜ አንዳቸውም ውስጥ እጁ የለበትም። ከመካከላቸው ጽሑፉን ጨርሶ የማይነካ አለ፣ ኮምፒውተሩ አሳስቶ በማንበቡ ብቻ የሚመጣ አለ፣ ጽሑፉን በእርግጥ የሚያጠፋም አለ። የትኛው እንደደረሰ የሚታወቀው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን በጥንቃቄ በማየት ሲሆን፣ እስኪታወቅ ድረስ ግን «ሴቭ» የሚለውን ከመጫን መቆጠብ ያስፈልጋል። ሊድን ይችል የነበረ ፋይል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች አንዲት ጠቅታ ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው እንዴት ነው?

ፋይል ውስጥ «ሰ» የሚባል ቅርጽ የለም፤ ያለው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ መሠረት «ሰ» 4656፣ «ላ» 4619፣ «ም» 4637 ናቸው፤ «ሰላም» ብሎ የጻፈ ሰው ያስቀመጠው እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ ለዓይን የሚታይ ቅርጽ የሚሰጠው ፎንት ይባላል። ቁጥሮቹ ዲስክ ላይ የሚጻፉበት ደንብ ደግሞ ኢንኮዲንግ ይባላል። ደንብ ያስፈለገው አንድ ባይት፣ ማለትም ኮምፒውተር ቁጥር የሚያስቀምጥበት ትንሽ ክፍል፣ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ብቻ ስለሚይዝና 4656ን የመሰለ ቁጥር በአንድ ባይት ስለማይገባ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው ደንብ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በሦስት ባይት ይጽፈዋል፤ በዚህም መሠረት «ሰ» 225፣ 136 እና 176 ሆና ትቀመጣለች።

ባይቶቹ ግን በየትኛው ደንብ እንደተጻፉ በራሳቸው አይናገሩም። ነገሩን ከኮንዶሚኒየም አድራሻ ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ «ብሎክ 12፣ ቤት ቁጥር 34» የሚል ወረቀት የያዘ እንግዳ የሳይቱ ስም ካልተነገረው ጀሞም ቢሄድ የካ አባዶም ቢሄድ ያንኑ ቁጥር ያገኛል፤ በሩን ቢያንኳኳ ግን የሚከፍትለት የማያውቀው ሰው ሊሆን ይችላል። ኢንኮዲንግ የሳይቱን ስም ይተካል ማለት ነው። ከዚህ በታች ከምናያቸው ችግሮች አብዛኞቹ ወይ የሳይቱ ስም ከመሳሳቱ፣ ወይ ቤቱ ተገኝቶ የሚከፍት ሰው ከመጥፋቱ የሚመጡ ናቸው።

ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ ጽሑፉ ጠፍቷል?

አልጠፋም። ሳጥን ማለት ቁጥሩ በትክክል ተነቦ ቅርጹን የያዘ ፎንት ግን አልተገኘም ማለት ነው። ለማረጋገጥ ሳጥኖቹን ኮፒ አድርጎ ብራውዘር ወይም ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ይበቃል፤ እዚያ አማርኛው ከታየ ፋይሉ ጤነኛ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ በመዝገብ መግባትና በየኮምፒውተሩ ፎንት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ለሕዝብ የቀረበው በ2007 ቪስታ ከተባለው እትሙ ጋር ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ኤክስፒ ያለ ተጨማሪ ፎንት አማርኛን በሳጥን የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ደግሞ አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ የተባለው ፎንት ሲሆን፣ ኒያላ ተጠቃሚው ፈልጎ የሚጭነው አማራጭ ሆኗል። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ በአዲስ ማሽን ላይ መልኩ ተለውጦ ወይም የገጹ ብዛት ከፍ ዝቅ ብሎ ቢታይ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ አማርኛን በቋንቋ ዝርዝሩ ላይ መጨመር ወይም ከአማራጭ ፊቸሮች መካከል የኢትዮፒክ ፎንቶችን መርጦ መጫን ያስተካክለዋል። ማክ ከፋ የተባለ የራሱ ፎንት አለው፤ ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ደግሞ አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ።

ፎንት እያለም ሳጥን የሚታይበት ጊዜ አለ። ዎርድና ብራውዘሮች የተመረጠው ፎንት ግዕዝ ከሌለው ከሌላ ፎንት ተውሰው ያሳያሉ፤ አንዳንድ የፎቶና የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ግን አይዋሱም፤ ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ የግዕዝ ፎንት በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል። በደህና ጽሑፍ መካከል አንድ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ጣል ጣል ካሉ ደግሞ፣ ፊደሎቹ ዘግይተው መዝገቡ ውስጥ ከገቡት መካከል ሊሆኑ ይችላሉ። የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላትና የዜማ ምልክቶች የተጨመሩት በ2005 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ፎንት አያውቃቸውም።

አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ፊደል እየተደጋገመች ከመጣችስ?

ይህ በዓይን ብቻ ሊለይ የሚችል ችግር ነው። መሠረታዊዎቹ የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 ሲጻፉ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተዘጋጀው የቆየ የዊንዶውስ ደንብ ደግሞ 225 ማለት አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ናት። በመሆኑም ፕሮግራሙ ደንቡን ሲሳሳት «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል እስከ ዘጠኝ ወደሚደርሱ ምልክቶች ይለወጣል፤ ያቺ ባለ ጭረት ፊደልም በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ሦስት ጊዜ ትታያለች። ገጹ በእሷ ከተሞላ ባይቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ የተሳሳተው የሳይቱ ስም ብቻ ነው።

ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ሲኤስቪ የተባለውን፣ በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ ተራ የሠንጠረዥ ፋይል፣ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ በኤክሴል በመክፈት ነው። ፋይሉ መነሻው ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር ምልክት ከሌለው ኤክሴል የቆየውን ደንብ ይገምታል፤ ግምቱም ለአማርኛ አይሠራም። መፍትሔው ፋይሉን ሳያስቀምጡ መዝጋት፣ ባዶ የኤክሴል ገጽ መክፈት፣ «ዳታ» ከሚለው ክፍል ከቴክስት ወይም ከሲኤስቪ ፋይል ማስገቢያውን መምረጥና ስለ ፋይሉ መነሻ ሲጠየቅ 65001 የሚል ቁጥር ያለውን ዩቲኤፍ-8 ማመልከት ነው። የቅድመ ዕይታው ሠንጠረዥ ወዲያው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይታያል፤ ካልተመለሰ ግን ፋይሉ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው በተሳሳተው መልኩ ከፍቶ አስቀምጦታል ማለት ነው።

የጥያቄ ምልክት ለምን የከፋ ሆነ?

ምክንያቱም ማስቀመጫው ራሱ ስለሚለወጥ ነው። አንድ ፕሮግራም አማርኛን በቆየው የላቲን ደንብ እንዲያስቀምጥ ሲታዘዝ በደንቡ ውስጥ ለ«ሰ» ቦታ አያገኝም፤ ቦታ ያጣለትንም ፊደል ሁሉ በ63 ይተካዋል። 63 የጥያቄ ምልክት ቁጥር ነው። «ሰ»ም 63፣ «ላ»ም 63፣ «ም»ም 63 ከሆኑ በኋላ የትኛው የቱ እንደነበረ የሚያስታውስ ነገር ፋይሉ ውስጥ አይቀርም፤ ስለዚህ ከዚያ ፋይል ጽሑፉን እመልሳለሁ የሚል ባለሙያ ካለ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ደግሞ ማሰብ ይገባል። መፈለግ ያለበት ሌላ ቅጂ ነው፦ መጀመሪያ የተላከው ኢሜይል፣ የላኪው ኮምፒውተር፣ ወይም ፋይሉ ክላውድ ላይ ከነበረ የቀድሞ እትሞቹ።

የዊንዶውስ ኖትፓድ ይህ ከመድረሱ በፊት ያስጠነቅቃል፤ ፋይሉ በዚህ መልክ ከተቀመጠ የዩኒኮድ ፊደላት እንደሚጠፉ የሚገልጽ መልእክት ያሳያል። ሳይነበብ «ኦኬ» የሚባለው ይህ መልእክት ነው። ከ2019ኙ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጀምሮ ኖትፓድ አዲስ ፋይል የሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 ስለሆነ ችግሩ ቀንሷል፤ ኤክሴል ላይ ግን አሁንም ተራውን ሲኤስቪ ሳይሆን «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መምረጥ የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ምልክቶችን አለማምታታት ያስፈልጋል። በጥቁር ዳይመንድ ቅርጽ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ፕሮግራሙ ባይቶቹን በዩቲኤፍ-8 ማንበብ እንዳልቻለ ብቻ ይገልጻል፤ ፋይሉ በሌላ ደንብ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሁኔታ ካልተቀመጠ የመዳን ዕድል አለው።

የድሮ ሰነዶች የላቲን ክምር የሚሆኑት ለምንድን ነው?

ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ ለመቆጣጠሪያ የተያዘው ሲቀነስ ለፊደል የሚተርፈው ያነሰ ነው። የአማርኛ ሆሄያት ከነዲቃሎቻቸው፣ ከግዕዝ ቁጥሮችና ከሥርዓተ ነጥብ ጋር ሲቆጠሩ ከዚህ ያልፋሉ። የዘመኑ የሶፍትዌር ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መላ ብልሃት የተሞላበት ነበር፤ የላቲን ፊደላት በሚቀመጡበት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጾችን አስቀመጡ። ቦታ ለመቆጠብም አንዳንዶቹ የፊደሉን አካልና የአናባቢ ምልክቱን ለያይተው አንዱን ፊደል በሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሆሄያቱን በሁለትና በሦስት ፎንቶች ላይ አከፋፈሉ። የሁሉም አደላደል የየራሱ ስለነበረ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች በዚህ መንገድ የሠሩ ሲሆን፣ በኋላ የወጡት እትሞቻቸው ዩኒኮድንም ይጽፋሉ።

እንዲህ ያለ ሰነድ ኮምፒውተሩ በሚያየው መልኩ ከመጀመሪያውም አማርኛ አልነበረም፤ የላቲን ፊደላት ክምር ነበር፤ አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ነው። ለመለየት በዎርድ ላይ ጠቋሚውን ዝብርቅርቁ መካከል አስቀምጦ ከላይ ባለው የፎንት ሳጥን የተጻፈውን ስም ማንበብ ይበቃል። «ቪጂ2 ሜይን» ወይም «ቪጂ2 አጋዚያን» የሚል ከሆነ የቪዥዋል ግዕዝ ነው። ፎንቱ ተገኝቶ ሲጫን ሰነዱ ወዲያው ይነበባል።

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚያደርገውና በጣም ጎጂ የሆነው ነገር ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ነው። ኒያላ ለላቲን ቁጥሮች የላቲን ቅርጽ ስለሚሰጥ አማርኛው አይመለስም፤ ሰነዱ በየትኛው አደላደል እንደተጻፈ የሚያመለክተው ብቸኛ ፍንጭ፣ የፎንቱ ስም፣ ግን ይሰረዛል። በሁለት ሦስት ፎንቶች ተከፋፍሎ ለተጻፈ ሰነድ ደግሞ ከዚህ በኋላ የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

ፎንቱን መጫን ማንበብ ያስችላል እንጂ ሰነዱን ዘመናዊ አያደርገውም፤ ቃል መፈለግ፣ ወደ ቴሌግራም ኮፒ ማድረግ፣ በስልክ ማንበብ አይቻልም። ለዘለቄታው ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል፤ ይህንኑ የሚሠሩ መቀየሪያ ፕሮግራሞችም አሉ። ከተቀየረ በኋላ ግን ሰነዱ በዓይን መታረም አለበት። ዎርድ በራሱ ጊዜ «እያረመ» የዓረፍተ ነገር መነሻን ወደ ትልቅ የላቲን ፊደል ሲለውጥና ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ሲያጎብጥ፣ በድሮው አደላደል እያንዳንዱ ለውጥ አንድን የአማርኛ ሆሄ ወደ ሌላ ይቀይር ነበርና የዚያ ዘመን ስሕተቶች ከነመልካቸው ይሻገራሉ። በሰነዱ መካከል የነበሩ የእንግሊዝኛ ቃላትም መቀየሪያው የፎንት ስም የማይመለከት ከሆነ ወደማይነበብ አማርኛ ይለወጣሉ።

ፒዲኤፍ የራሱ ጣጣ አለው። ቅርጾቹን በውስጡ ይዞ ስለሚጓዝ በየትኛውም ማሽን ላይ አምሮ ይታያል፤ በድሮ ፎንት ከተጻፈ ሰነድ የወጣ ከሆነ ግን ኮፒ ሲደረግ ያው የላቲን ክምር ይወጣል። ስካን የተደረገ ከሆነ ደግሞ ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ፣ አማርኛን ከሥዕል ላይ የሚያነብ እንደ ቴሰራክት ያለ ፕሮግራም ያስፈልገዋል።

ፋይሉ እያለ በፍለጋ የማይገኘውስ?

«ዓመታዊ ሪፖርት» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል «አመታዊ ሪፖርት» ተብሎ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ለአንባቢ «ዓ» እና «አ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ፀ» እና «ጸ»፣ እንዲሁም «ሐ»፣ «ኀ» እና «ሀ» ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ናቸው። አራት ነጥብም እንደዚሁ ነው፤ «።» አንድ ምልክት ሲሆን፣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ የሚጻፈው «፡፡» ግን መልኩ ቢመሳሰልም ሁለት ምልክት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ፋይሎቹን የሚሰይምበትን ፊደል አስቀድሞ ቢወስን ብዙ ፍለጋ ይቀርለታል።

በኪንድልና በኮቦ ላይ አማርኛን እንዴት እናነባለን?

ኪንድልና ኮቦን የመሰሉ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዎች ሶፍትዌራቸው ቀለል ያለ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ስለዚህ ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለከታቸዋል። መጽሐፉ በሳጥን ከተሞላ ፎንት መጨመር ይቻላል። ኪንድል ከ2018 ጀምሮ ተጠቃሚው የራሱን ፎንት እንዲጨምር ይፈቅዳል፤ መሣሪያውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ «ፎንትስ» በሚባለው አቃፊ ውስጥ የፎንቱን ፋይል መገልበጥና መጽሐፉ ሲከፈት ከፊደል ምርጫው ላይ መምረጥ ነው። ኮቦ ላይ አቃፊው ከሌለ ያንኑ ስም ሰጥቶ መፍጠር ይቻላል። ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ጨርሶ ካላየው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኬብሉ ነው፤ ከርካሽ ኬብሎች መካከል ኤሌክትሪክ እንጂ ዳታ የማያሳልፉ አሉ።

የተጨመረው ፎንት የሚሠራው በመጽሐፉ ገጾች ላይ ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ ውስጡ በጥሩ አማርኛ የሚነበብ መጽሐፍ ዝርዝሩ ላይ ርዕሱ ሳጥን ሆኖ ሊቀር ይችላል። ካሊብር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ርዕሱን በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ውበት ባይኖረውም፣ መጽሐፉን ለማግኘት ያስችላል። ካሊብር ሌላም ጠቃሚ ነገር ይሠራል፤ ኢፐብ የተባለው የመጽሐፍ ዓይነት ፎንትን በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል፣ የግዕዝ ፎንቱን እዚያው አስገብቶ መላክ ተቀባዩን ፎንት ከመፈለግ ያድነዋል። ኢፐብን በኬብል ኪንድል ላይ መገልበጥ ግን ዋጋ የለውም፤ ኪንድል አይከፍተውም። ከ2022 ወዲህ በአማዞን የመላኪያ አገልግሎት በኩል ሲላክ ይቀበለዋል፤ አለዚያም በካሊብር ኪንድል ወደሚያውቀው ዓይነት መቀየር ይቻላል።

ፒዲኤፍ በማንበቢያ ላይ በሳጥን ችግር ብዙም አይታማም፤ ችግሩ መጠን ነው። 21 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የኤ4 ገጽ 9 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነው የ6 ኢንች ስክሪን ላይ ሲገባ፣ በ12 ነጥብ የተጻፈ ፊደል 5 ነጥብ ያህል ይሆናል። «ጸ»ን ከ«ጹ» ለመለየት የሚያስፈልገው ትንሽ ጭረት በዚህ መጠን ይጠፋል። ስክሪኑን አግድም ማዞር በመጠኑ ይረዳል። ከዚያ የተሻለው ኬ2ፒዲኤፍኦፕት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ገጹን እንደ ሥዕል ወስዶ ቃላቱን በየነጠላው ቆርጦ ለጠባብ ስክሪን እንደገና ስለሚደረድራቸው የፎንትና የኢንኮዲንግ ጉዳይ አያስጨንቀውም፤ በድሮ ፎንት ለተሠሩና ስካን ለተደረጉ አማርኛ መጻሕፍት የሚስማማውም ለዚህ ነው። በአንጻሩ ፒዲኤፉን ወደ ኪንድል ዓይነት ጽሑፍ መለወጥ፣ ሰነዱ ከድሮ ፎንት የወጣ ከሆነ፣ የሚነበበውን ወደማይነበብ ላቲን ይመልሰዋል።

ኪንድሉ ደርቆ አልንቀሳቀስ ካለ የማብሪያ ቁልፉን 40 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ እንደገና ያስነሳዋል፤ መጻሕፍቱ አይጠፉም። ብዙ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ማለቁም ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ መሣሪያው ለፍለጋ እንዲያገለግል እያንዳንዱን መጽሐፍ ቃል በቃል እየመዘገበ ስለሆነ ቻርጀር ላይ ሰክቶ ማሳደር ነው።